ሦስቱ የጋሼ በየነ ናሙናዎች

ሣጥኑ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሣጥን ስል የጫማ ካርቶን ማለቴ ነው፤ በሁለት ወፍራም ላስቲክ ታስሯል። ውስጡ ዶክተር ሃልቨርሰን በሥራ ዘመናቸው ስለ በሽተኞች የጻፏቸው ካርዶች አሉ። እሳቸው ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ልጃቸው ቤቱን ስታጸዳ ክዳኑ ላይ «ለአበራ፣ ጡረታ ሲወጣ» የሚል የእናቷን ጽሕፈት አገኘች። ጡረታ መውጣቴን ከድሮ ባልደረቦቼ ሰምታ ካልጋሪ ሳድል ሪጅ ሰፈር እስካለው ቤታችን ድረስ ነድታ መጣችና በር ላይ አስረከበችኝ።

ባለቤቴ «ክፈተውና ይውጣልህ» ትለኛለች። ለእሷ ቀላል ነው። ከእነዚያ ካርዶች አንዱ የጋሼ በየነ እንደሆነ አውቃለሁ። በጋሼ በየነ ጉዳይ እኔ አይቼው ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ፤ ለባለቤቴም ቢሆን። ዶክተሯ ይህን አውቀው ሞተው እንደሆነና እንዳልሆነ ካርዱ ይነግረኛል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሣጥኑን ገፋ አድርጌ ቁርሴን እበላለሁ።

ሲፈጥረኝ ጭንቀታም ነኝ። ታራዴል የሚባል ሰፈር ተከራይተን ስንኖር ምድጃ ማጥፋቴን ለማረጋገጥ ከዋይትሆርን ባቡር ጣቢያ ስንት ቀን ወደ ቤት እንደተመለስኩ ቤት ይቁጠረው። ያኔ ባቡሩ ዋይትሆርን ላይ ነበር የሚያበቃው። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ይህ ዐመሌ እንጀራዬ ሆነ። አንድን ስላይድ ሌላው ሰው አንዴ ሲያየው እኔ ሁለቴ አየዋለሁ፤ ከዚያም ተነሥቼ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ከዚያም መብራት በሳምንት ሦስት ቀን በሚጠፋበት የክፍለ ሀገር ሆስፒታል፣ በመስተዋት የፀሐይ ብርሃን እየሰበሰብኩ በማይክሮስኮፕ ሠራሁ። ካልጋሪ ስደርስ ወረቀቴን የሚቀበል አልነበረም። ሁለት ዓመት የላቦራቶሪ ዕቃ አጠብኩ፣ ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ የጥገኛ ትላትል ምርመራ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። የወረቀቱ ጣጣ ይኼው ነው፤ ከዚህ በላይ ሊወራለት አይገባም።

ዶክተር ሃልቨርሰን የክፍሉ ሐኪም ነበሩ። የገበሬ ልጅ፣ ረጅም፣ ጫማቸው ሁልጊዜ ጠፍጣፋ። ጠዋት ጠዋት ሻይ በፔርሙስ ይዘው ይመጡና ከእኔ ወንበር ዝቅ ባለች መቀመጫ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ነገር ስናገኝ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ትሉ አይደለም። «ይሄ ሰው ማነው?» ይላሉ። ሐኪሙ ጋ ይደውላሉ፤ ካልሆነም እበሽተኛው አልጋ ድረስ ይሄዳሉ። ሲሄዱ አንዳንዴ እኔን ያስከትሉኝ ነበር፤ ክፍሉ እንደገቡ በሩን ዘጋ አድርገው ወንበር ይስባሉ። «ሰው ስትጠይቅ ተቀመጥ፣ በር ዝጋ» ይሉኛል። «የቆመ ሰው የሚሄድ ሰው ነው። ለሚሄድ ሰው ማንም እውነቱን አይነግርም።»

ከዚያ ካርድ ይጽፋሉ። ፊት ለፊቱ ላይ የተገኘው፣ ጀርባው ላይ የሰውየው ታሪክ፤ ከታች ሁልጊዜ አንድ መስመር አለች፦ «ያልጠየቅነው»። አንዲት የዓሣ ትል የተገኘባት ሴት ትዝ ትለኛለች። ጥሬ ዓሣ በአፌ ዞሮ አያውቅም ብላ ምላ ተገዝታለች። ውሸቷን አልነበረም። ለካ የተፈጨውን ዓሣ ሳይበስል ጨው በቅቶት እንደሆነ በጣቷ ትቀምሳለች። ካርዱ ግርጌ ላይ «ያልጠየቅነው፦ ወጡን ማን እንደሚቀምስ» ተብሎ ተጻፈ። ከካርዶቹ መካከል ሌላው ሐኪም ቢያነበው ይጠቅመዋል ያሉትን ኬዝ ሪፖርት፣ ማለትም ስለ አንድ በሽተኛ የሚተርክ ጽሑፍ፣ አድርገው ለሕክምና መጽሔት ይልኩታል።

ወጣት ሐኪሞች በዚህ ይስቁባቸው ነበር። አንዱ ፊት ለፊቴ «አንድ በሽተኛ ምን ያስተምራል? ሺህ ሰው ያጠና ይሻላል» አላቸው። ዶክተሯ ሻያቸውን ጠጡና «ሺው ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ አንዱ ይመጣል። አንዱን በትክክል ካልጻፍከው ሺውን ስታየው አታውቀውም» አሉት። እኔ በሆዴ «በትክክል» የሚለውን ያዝኩ። ወደፊት የሚያስጨንቀኝ እሱ መሆኑን አላወቅኩም።

እኔ ደግሞ አንድ የራሴ ልማድ ነበረኝ። በሥራ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ማስታወሻዬን በአማርኛ እጫጭራለሁ፤ እጄ በአማርኛ ይፈጥናል፣ ደግሞም ማንም አያነበውም። ዶክተሯ አልፎ አልፎ «ይሄ ምን ይላል?» ብለው ጣታቸውን ያሳርፋሉ፤ እተረጉምላቸዋለሁ። ደስ ይላቸው ነበር።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ከተማው ውስጥ ሆስፒታል ሲዘጋ፣ ላቦራቶሪ ከላቦራቶሪ ሲቀላቀል፣ የቅነሳ ደብዳቤ በየወሩ ይታደል ጀመር። ደብዳቤው የሚሰጠው ከምሳ በፊት ነው። አለቃችን በኮሪደሩ ስትመጣ የሁላችንም አንገት ወደ ማይክሮስኮፕ ይቀበራል። አንዲት ስሕተት ያለባት ፋይል ከተገኘች ማን እንደሚቀድም ግልጽ ነው ብዬ አምን ነበር። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ የሥራ ፈቃዴንም ያገኘሁት በመከራ ነው።

ጋሼ በየነን የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አሥመራ በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ከአብዛኞቻችን ይልቅ አማርኛቸው የጠራ። በወጣትነታቸው ቆላ ወርደው በጥጥ እርሻ የመስኖ ተቆጣጣሪ ሆነው ዓመታት ሠርተዋል። ካልጋሪ ላይ ታራዴል ውስጥ ከልጃቸው ከሰናይትና ከአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከሄለን ጋር ይኖራሉ። ጉባኤያችን ውስጥ የሕሙማንን ስም ዝርዝር በየሳምንቱ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። በዚያ በሚያምር የጸሐፊ እጃቸው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጽፉና ሰሌዳው ላይ ይለጥፋሉ። ማን እንደታመመ ከእሳቸው ብዕር አያመልጥም፤ የራሳቸውን ስም ግን አንድ ቀን ጽፈው አያውቁም።

ደረታቸው ያፍናቸው ነበር። የቤተሰብ ሐኪማቸው ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት ሊሰጣቸው አሰበ። ግን ጥንቁቅ ሰው ስለነበር፣ ከቆላ አገር የመጣ ሰው ሆድ ውስጥ ትል ተኝቶ ሊሆን ይችላል ብሎ መጀመሪያ ሦስት የሰገራ ናሙና አዘዘ። ያ ትል ሰው አካል ውስጥ እየተራባ አርባ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ሰውነት ተቆጣጥሮት ይቆያል። ስቴሮይድ ሲሰጥ ግን ዘበኛው ይተኛል፣ ትሉ በደም አልፎ ሳንባ ድረስ ይወጣል። ብዙ ሰው በዚህ ይሞታል።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጋሼ በየነ ወደ መኪና ማቆሚያው ጥግ ሳብ አደረጉኝ።

«ልጄ አበራ፣ ያ ለሐኪም የሚሰጠው… ያ ሳምፕል የሚሉት ነገር፣ የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ እኛ ላብ ነው የሚመጣው፣ ጋሼ።»

«እና ማነው የሚያየው? ማሽን ነው?»

እኔ ሞኙ ደረቴን ነፋሁ። «ኧረ በዓይን ነው! እኔ ራሴ ነኝ የማየው። አይጨነቁ፣ በደንብ አድርጌ ነው ቼክ የማደርግልዎት።»

ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት። «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው እጄን ጨበጡና ወደ ሰናይት መኪና ሄዱ።

ናሙናዎቹ በዚያው ሳምንት መጡ። አንደኛውና ሦስተኛው ሌላ ባልደረባዬ ጋ ደረሱ፤ ሁለተኛው እኔ ጋ። ስማቸውን ሳይ ፈገግ አልኩ። ከፈሳሹ ጋር አዋሕጄ በስስ የቁስል ጨርቅ አጠለልኩት። ጨርቁ ላይ ከጥፍር ጫፍ የማትበልጥ ቀይ ነገር ቀረች። ደም አልነበረችም። የበርበሬ ቅርፊት መሰለችኝ፤ የእኛ ሰው ናሙና ላይ የተለመደ ነው፣ ባልደረቦቼ ሲደነግጡ እኔ ነኝ የማረጋጋቸው። በእንጨት ዘንግ ጫን አልኳት። የበርበሬ ቅርፊት አይጨፈለቅም፤ ይቺ ግን ተጨፈለቀች፣ መስተዋቱ ላይ ቀይ መስመር ትታ ተቀባች። ሰም ናት። ልጆች የሚስሉበትና አንዳንዴም የሚበሉት ክሬዮን!

የሥራ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በአማርኛ «ቀይ፣ ሰም የሚመስል። የልጅ ይሆን?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ስላይዱን ዳር እስከ ዳር አየሁት፣ ተነሣሁ፣ ተመልሼ ደግሜ አየሁት። ትል የለም፤ ከሄለን ከየት ይመጣል?

ደንቡ ቀላል ነበር። ናሙናው አጠራጣሪ ነው ብዬ መመለስ፣ አዲስ ይምጣልኝ ማለት። ግን ይህ ማለት ስልክ አንሥቼ አባቴ የሚሆኑትን ሰው፣ እሁድ እጃቸውን ጭነው የሚጸልዩልኝን ሰው፣ «ጋሼ፣ የላኩት የእርስዎ አይደለም» ማለት ነው። ወይ ደግሞ ለአለቃዬ ነግሬ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ማሳፈር። ምናልባት አያት ከልጅ ጋር ሲጫወቱ አፋቸው ገብቶ ይሆናል አልኩ። የቀሩትን ሁለቱን ሌላ ሰው ያያቸዋል አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። «ትል አልታየም» ብዬ ፈረምኩ።

ሐኪማቸው ሦስቱንም ውጤት አይቶ ስቴሮይዱን ጀመረላቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ረፋድ ዶክተር ሃልቨርሰን ከአክታ ምርመራ ክፍል ጠሩኝ። «አበራ፣ ና እይ።» ሌንሱ ላይ ጎንበስ አልኩ። የትሉ እጭ ሕያው ነበር፤ እንደ ተቆረጠ ክር ይጠመዘዛል፣ ይዘረጋል፣ መልሶ ይጠመዘዛል። ከሰው ሳንባ የወጣ ትል ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀና ብዬ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም አነበብኩ።

«ታውቃቸዋለህ?» አሉኝ።

«የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው።»

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልናገረውም። መድኃኒቱ በልዩ ፈቃድ ከሌላ ከተማ መምጣት ነበረበት። ትሉ የአንጀትን ተሕዋስያን ይዞ ደማቸው ውስጥ ገብቷል፤ መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ናቸው። ሰናይት ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። «ወንድሜ፣ ቴስቱ እኮ ክሊር ነበር! ሦስቴ ቼክ ተደርጎ! እንዴት ሚስ ያደርጉታል?» ጉባኤው ሰንበት ላይ ጾም አወጀ፤ ሰሌዳው ላይ ስማቸው በሌላ ሰው እጅ ተጻፈ። እኔ ጾምኩ፣ ግን ጸሎቴ ሁለት ነበር። አንደኛው ይዳኑ የሚል ነው። ሁለተኛውን፣ እንዳይታወቅብኝ የሚለውን፣ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ዳኑ። ከሞት አፍ ተመልሰው፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸው ቤት ገቡ።

ዶክተሯ ኬዝ ሪፖርቱን መጻፍ ጀምረው ነበር። ረቂቁን ሰጡኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር አስምረውበታል፦ «ሦስት ጊዜ የተደረገው የሰገራ ምርመራ ትሉን አላሳየም።» «ይህ አያስተኛኝም» አሉ። «ምርመራው ደካማ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሦስቴ? እንዲህ ብዙ ትል የተሸከመ ሰው? ይህ ከታተመ ሐኪሞች ምርመራውን ይንቁታል፤ ምክንያቱ ያ ካልሆነ ግን ውሸት አስተማርን ማለት ነው።»

በማግስቱ ብርቱካን ገዝቼ ጋሼ በየነን ልጠይቅ ታራዴል ሄድኩ። ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። ሰናይት ወደ ወጥ ቤት እስክትገባ ጠበቁ።

«አበራ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትሳቅብኝ። ያ የሰጠሁት… የእኔ አልነበረም። የሄለን ነው።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«ለምን ትለኛለህ እንዴ? እኔ ነኝ የማየው አላልከኝም? ያንን አይተህ እሁድ በየትኛው ዓይንህ ልታየኝ ነው? ሽማግሌ ነኝ፤ ጉባኤ ፊት የምቆም ሰው ነኝ። ሕፃን ልጅ ደግሞ መልአክ ናት፣ ማን ያፍርባታል ብዬ…» ሳቅ ጀመሩና ሳል አቋረጣቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቱን ስመክር ኖሬ፣ እኔው ደበቅኩ። አንተማ በምን ታውቅ፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ሰናይት ጭማቂ ይዛ ገባች፣ ጭማቂውን ተቀበልኩ። ሲሸኙኝ በሩ ላይ ስለ ሪፖርቱ ነገርኳቸው። «ይጻፉት» አሉ። «ስሜን አይጥሩ፤ ያደረግኩትን ግን ይጻፉት። እንደ እኔ የሚያፍር ሽማግሌ በየከተማው ሞልቷል።»

ለዶክተሯ የነገርኳቸው በሚቀጥለው ቀን፣ በቢሯቸው በር ላይ ነው። በዚያ ጠዋት ከክፍላችን ሁለት ሰው ደብዳቤ ተቀብሏል፤ አንዷ ኮሪደሩ ላይ ዕቃዋን በካርቶን እየከተተች ነበር። ዶክተሯም ወደ ስብሰባ ሊወጡ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ጋሼ በየነ ያሉኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆየ።

«ሌላ አለ?» አሉኝ።

በተከፈተው በር በኩል የካርቶን ማሸጊያው ፕላስተር ሲቀደድ ይሰማኛል።

«የለም» አልኩ።

ሪፖርቱ ታተመ፤ ሁለት ገጽ ብቻ። «ናሙናዎቹ የበሽተኛው እንዳልነበሩ ከጊዜ በኋላ ከራሳቸው ተረድተናል፤ ምክንያቱ ምርመራውን የሚያየው የሚያውቁት ሰው መሆኑ ነው» ይላል። ለዚያ ሁለት ገጽ ያወጣሁት ላብ ለሌላ ሥራ ወጥቶኝ አያውቅም። ከዓመት በኋላ ከሌላ ከተማ አንዲት ሐኪም ደብዳቤ ጻፈች። ስቴሮይድ ልትሰጣቸው ያሰበቻቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ውጤታቸው ንጹሕ ነው። ሪፖርቱን አንብባ ስለነበር አስተርጓሚውን፣ ማለትም የእናትየዋን የእህት ልጅ፣ አስወጥታ በስልክ አስተርጓሚ ጠየቀቻቸው። ናሙናው የእሳቸው አልነበረም። በትክክለኛው ናሙና ትሉ ተገኘ፣ ታከሙ። ዶክተር ሃልቨርሰን ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በእኛም ክፍል ነገር ተለወጠ። የአገሬ ሰዎች ናሙና ስም ሳይኖረው በቁጥር ብቻ እንዲሄድ፣ ከፈለጉም ወደ ሌላ ላቦራቶሪ እንዲላክ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ተቀበሉኝ። የመመሪያውን ወረቀት በአማርኛ ተረጎምኩ፣ ትግርኛውን ጋሼ በየነ ራሳቸው ጻፉት። በቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «የራሳችሁን ስጡ፤ የልጅ ልጅ አታስቸግሩ» እያሉ ያስቁ ነበር።

የቅነሳው ደብዳቤ እኔን ሳይነካኝ ዘጠናዎቹ አለፉ። አንድ የገና በዓል ላይ ጋሼ በየነ ለትንሿ ልጄ ስጦታ ይዘው መጡ። ከፍታ ስታየው የክሬዮን ፓኬት ነው። «ሳዪበት እንጂ እንዳትበይው» አሏት፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ያን ዕለት ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። የሄለንን ነገር እያሰቡ ቀለዱ እንጂ ሌላ ምን ያውቃሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እስኪሞቱ ድረስ እሁድ እሁድ እጄን ይዘው ከሌላው ሰው ይልቅ ያቆዩት ነበር።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ተነሥቼ ላስቲኩን ፈታሁት።

ካርዶቹ በዓመት በዓመት ተደርድረዋል። የጋሼ በየነን አገኘሁት። ከጀርባው አንድ ያረጀ ቅጂ በስፒል ተያይዟል፦ የእኔ የሥራ ወረቀት። ጠርዙ ላይ የራሴ እጅ «ቀይ፣ ሰም የሚመስል። የልጅ ይሆን?» ይላል። ከሥሩ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። የተረጎመውን እጅ ለማወቅ ፊርማ አላስፈለገኝም። በየሳምንቱ የሕሙማንን ዝርዝር የሚጽፈው እጅ ነው። ዶክተሯ ወረቀቱን ይዘው ሊያነብላቸው ወደሚችል ሰው ሄደዋል፤ ያነበበላቸውም ሰው አንብቦ ዝም ብሏል። ሁለቱም ያውቁ ነበር። ለስንት ዓመት!

ካርዱን ገለበጥኩት። ከታች፣ በተለመደው ቦታ፣ እንዲህ ይላል፦

«ያልጠየቅነው፦ ናሙናውን ያየውን ሰው። ጠይቄው ነበር፤ ግን ደብዳቤ በሚታደልበት ቀን፣ በር ክፍት ሆኖ፣ ቆሜ። እንደዚያ አይጠየቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ባለቤቴን ከሳሎን ጠራኋት። በሩን ዝጊና ተቀመጪ አልኳት። ደንግጣ ወንበር ሳበች፤ እኔም ተቀመጥኩ።

«አይቼ ነበር» አልኳት።